«የለም» እና «አልታየም»፦ የሬቲና ምስል የሚነግረንና የማይነግረን

ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበው ንግግር ሙሉ ቃል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



ዛሬ የምናገረው የዓይንን የውስጥ ንጣፍ፣ ማለትም ሬቲናን፣ በከፍተኛ ጥራት ስለሚያሳዩ መሣሪያዎች ነው። የንግግሬ መነሻ ግን መሣሪያ ሳይሆን ሁለት ቃላት ናቸው። የጻፍኋቸው እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የእኔው ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በውጭ አገር በአንድ የምርምር ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ቆጠራ ነበር። የምቆጥረው በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ የሚገኙትን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ሲታዩ በጥቁር ጨርቅ ላይ የተበተነ ነጭ ጤፍ ይመስላሉ፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሕዋስ ናት። ጠዋት ገብቼ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ምልክት ሳደርግባቸው እውላለሁ፤ ማታ ቁጥሩን በሠንጠረዥ አስፍሬ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ከልጅነቱ ጀምሮ ዳፍንት የነበረበት፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ምስል ደረሰኝ። ሕመሙ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ይባላል። በዘር የሚመጣ ሕመም ነው፤ በመጀመሪያ የሌሊት እይታን፣ ቀጥሎ የዳር እይታን፣ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻም የመሐሉን እይታ ቀስ በቀስ ይወስዳል። በዚህ ሰው ምስል ላይ መሐሉ ገና ደኅና ነበር። ወደ ዳር ሲኬድ ነጥቦቹ እየሳሱ ሄዱ፤ ከዚያም ጠፉ፤ ጨለማ ብቻ ቀረ። በቅጹ ላይ ለዚያ ቦታ በተተወው ረድፍ «ኮን የለም» ብዬ ጻፍሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው ለሌላ ምርመራ ተመልሶ መጣ። መሣሪያው ምስል ማንሣት ብቻ ሳይሆን፣ በመረጥነው የሬቲና ቦታ ላይ እጅግ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ማሳረፍም ይችል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጨለማውን ቦታ እንድንፈትን አዘዙ። እኔን ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ብርሃኗን ስናሳርፍ ሰውየው በእጁ የያዘውን ቁልፍ ተጫነ። አጋጣሚ ይሆናል ብለን ደጋገምነው፤ ብርሃን የሌለባቸውን ባዶ ሙከራዎችም በመሐል አስገባን። ደካማውን ብርሃን አላየም፤ ጠንከር ያለውን ግን አየ፤ በባዶዎቹ ሙከራዎች ደግሞ ቁልፉን አልነካም። ከጤናማ ዓይን ይልቅ ብዙ ብርሃን አስፈልጎታል። ሆኖም እኔ «የለም» ባልሁበት ቦታ ሰውየው ያይ ነበር።

ንግግሬ በ«አልታየም» እና በ«የለም» መካከል ስላለው ርቀት ነው። በአማርኛ ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው፤ በሕክምና ውስጥ ግን የአንድ ሰው ዓይን ሊሆን ይችላል።

በብሌን በኩል የተከፈተው መስኮት

ለማስታወስ ያህል፣ ሬቲና ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ የተነጠፈ የነርቭ ንጣፍ ነው። በፅንስ ጊዜ ከአንጎል ተከፍሎ ስለሚያድግ የአንጎል አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚያገለግሉ 120 ሚሊዮን ያህል ሮድ ሕዋሳት፣ በቀን ብርሃን ቀለምንና ዝርዝርን ለመለየት የሚያገለግሉ 6 ሚሊዮን ያህል ኮን ሕዋሳት ይገኛሉ። ኮኖቹ ከሁሉ በላይ ተጠቅጥቀው የሚገኙት ፎቪያ በሚባለው ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው በእርሱ ነው።

ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ፣ ሥጋን ሳንቆርጥ የደም ሥርንና የነርቭን ሕብረ ሕዋስ በቀጥታ የምናይበት ቦታ ሬቲና ነው። ይሁንና ይህ መስኮት ለዘመናት የተዘጋ መስሎ ኖሯል። የሰውን ብሌን ስንመለከት ጥቁር ሆኖ የሚታየን ከውስጡ ብርሃን ስለማይመለስ አይደለም። ብርሃኑ ይመለሳል፤ ግን የሚመለሰው በመጣበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ዓይኑን ሊያኖር የሞከረ ሰው የራሱ ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርድበታል። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ይህን እንቆቅልሽ ፈትቶ በ1851 ኦፍታልሞስኮፕን ለዓለም አስተዋወቀ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ብርሃንን በከፊል በሚያንጸባርቅ መስታወት ወደ ዓይን እየላኩ በዚያው መስታወት በኩል አሻግሮ መመልከት ነው።

ከዚያ በኋላ የሬቲና ፎቶግራፍ መጣ። በ1961 ደግሞ በአሜሪካ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች፣ ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ፣ ፍሎረሲን የተባለውን ቀለም በክንድ የደም ሥር ሰጥተው በሬቲና ውስጥ ሲዘዋወር ፎቶግራፍ ማንሣት እንደሚቻል አሳዩ። ይህን በተለይ ለእናንተ ለተማሪዎቹ አነሣዋለሁ፤ የዓይን ሕክምናን ለረጅም ዘመን ያገለገለ ዘዴ የተገኘው እንደ እናንተ ወንበር ላይ በተቀመጡ ወጣቶች ነው።

እነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች ግን አንድ የጋራ ጉድለት ነበረባቸው። ሬቲናን በእነርሱ ማየት አዲስ አበባን ከእንጦጦ ጫፍ ሆኖ እንደ ማየት ነው። ሰፈሩ ይለያል፤ መንገዱ ይለያል፤ የቤቱ ፎቅና በመንገዱ ላይ የሚሄደው ሰው ግን አይለይም። ሐኪሙ የንጣፉን ገጽ እንጂ ድርቦቹን አያይም፤ ሕዋሳቱንማ ጨርሶ አያያቸውም። ድርቦቹንና ሕዋሳቱን ለማየት ሁለት የተለያዩ መንገዶች አስፈለጉ።

የብርሃን የገደል ማሚቶ

የመጀመሪያው መንገድ በምሕጻረ ቃል ኦሲቲ ተብሎ የሚጠራው ነው። በ1991 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰን፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ባልደረቦቻቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አሳተሙት። ሦስቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው በ2023 የላስከር ሽልማትን ተቀብለዋል።

ሐሳቡን ለመረዳት የገደል ማሚቶን አስቡ። ከገደል ፊት ቆሞ የሚጮኽ ሰው ድምፁ ተመልሶ እስኪሰማው የሚወስደውን ጊዜ ቢለካ የገደሉን ርቀት ያውቃል። ኦሲቲ በድምፅ ፈንታ ብርሃንን ወደ ሬቲና ይልካል፤ ከእያንዳንዱ ድርብ የሚመለሰውን ብርሃን ይለያል። ችግሩ የብርሃን ፍጥነት ነው። በሬቲና ድርቦች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ከአንድ ሰከንድ ትሪሊዮንኛ ያነሰ ስለሆነ በተራ ሰዓት የሚለካ አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ጊዜውን መለካት ትተው ማወዳደርን መረጡ። ብርሃኑን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወደ ዓይን፣ ሌላውን ርቀቱ ወደሚታወቅ መስታወት ላኩ። ሁለቱ ሲመለሱ የተጓዙት ርቀት እኩል ከሆነ ሞገዶቻቸው ተደራርበው ምልክት ይሰጣሉ፤ እኩል ካልሆነ አይሰጡም። ብርሃኑ የያዘው የቀለም ስፋት በጨመረ መጠን ልኬቱ የረቀቀ ይሆናል።

ዛሬ በክሊኒክ የሚገኙት የኦሲቲ መሣሪያዎች በጥልቀት በኩል ከ5 እስከ 7 ማይክሮሜትር የሚራራቁ ነገሮችን ይለያሉ። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በስኳር ሕመም ምክንያት በማኩላ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ድሮ በሐኪሙ ግምት ይነገር ነበር፤ አሁን ውፍረቱ በማይክሮሜትር ይለካል፤ ወደ ዓይን በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውም በዚሁ ልኬት እየታገዘ ይወሰናል። በግላኮማ ደግሞ የነርቭ ክሮች ድርብ መሳሳት፣ ሕመምተኛው የእይታ ጉድለት ከማስተዋሉ በፊት ሊታይ ይችላል።

ነገር ግን ኦሲቲ ረቂቅ የሆነው በጥልቀት በኩል ብቻ ነው። ወደ ጎን ሲለካ በተለመዱት መሣሪያዎች የመለየት አቅሙ ከ15 እስከ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የፎቪያ ኮን ስፋት ግን ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ኦሲቲ የኮኖችን ድርብ እንደ አንድ ብሩህ መስመር ያሳየናል እንጂ ኮኖቹን በየግላቸው አያሳየንም። የጤፍ ማሳውን ከሩቅ አየን እንጂ ዛላውን አልለየንም።

ከከዋክብት የተወሰደ ብልሃት

ወደ ጎን የሚያደበዝዘው ምንድን ነው? ራሱ ዓይን ነው። ኮርኒያና የዓይን ሌንስ እንደ ፋብሪካ ሌንስ የተስተካከሉ አይደሉም፤ በእነርሱ ውስጥ የሚያልፍ የብርሃን ሞገድ ይጎብጣል፣ ይሸበሸባል። በመነጽር የምናርመው ከዚህ መዛባት ውስጥ ትልልቁን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አስቸጋሪ ተቃርኖ አለ። በፊዚክስ ሕግ መሠረት ብሌን በሰፋ መጠን ምስሉ ይበልጥ መጥራት ነበረበት። ብሌን ሲሰፋ ግን የኮርኒያና የሌንስ ጉድለት የበዛበት ዳርቻ ስለሚከፈት፣ ምስሉ ከመጥራት ይልቅ ይበልጥ ይዛባል።

መፍትሔው የመጣው ከሥነ ፈለክ ነው። የከዋክብት ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው፤ የከዋክብትን ብርሃን የምድር አየር ያውከዋል። ሆራስ ባብኮክ የተባለ ተመራማሪ በ1953 የብርሃኑን መዛባት በየቅጽበቱ እየለኩ፣ ቅርጹን በሚለዋውጥ የብርሃን መሣሪያ ማረም ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ራሱን እያስተካከለ የሚሠራ የብርሃን ሥርዓት ልንለው እንችላለን።

በዓይን ላይ ሲሠራ ሂደቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ደካማ የብርሃን ነጥብ በሬቲና ላይ ያርፋል። ከዚያ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን በረድፍ በተደረደሩ በጣም ትናንሽ ሌንሶች ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ሌንስ አንድ ነጥብ ይሠራል። ዓይኑ እንከን የለሽ ቢሆን ኖሮ ነጥቦቹ በእኩል ርቀት ይሰለፉ ነበር፤ ከቦታቸው የፈቀቁበት መጠን ሞገዱ የት የት እንደ ጎበጠ ይናገራል። ኮምፒዩተሩ ይህን አስልቶ፣ ከጀርባው ብዙ ጥቃቅን ገፊዎች ያሉበትን ስስ መስታወት በተቃራኒው እንዲጎብጥ ያዛል። የዓይን ጉብጠትና የመስታወቱ ጉብጠት ይጣጣላሉ። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ የዓይን መዛባት ራሱ በየቅጽበቱ ይለዋወጣልና።

በ1997 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጁንዦንግ ሊያንግ፣ ዴቪድ ዊሊያምስና ዶናልድ ሚለር ይህን ዘዴ ተጠቅመው በሕያው የሰው ዓይን ውስጥ ያሉ ኮኖችን በግልጽ የሚያሳይ ካሜራ አቀረቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦስቲን ሩርዳና ዊሊያምስ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ሦስቱን የኮን ዓይነቶች በሕያው ዓይን ውስጥ አንድ በአንድ ለይተው አሳዩ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ሁለቱ ተመርማሪዎች ጤናማ የቀለም እይታ ነበራቸው፤ ነገር ግን በአንደኛው ዓይን ለረጅሙ የብርሃን ሞገድ የሚነቁት ኮኖች ለመካከለኛው ከሚነቁት ወደ አራት እጥፍ ሲጠጉ፣ በሌላኛው ዓይን እኩል ለእኩል ሊባሉ የተቃረቡ ነበሩ። ሁለት ሰዎች አንዱን አበባ አይተው በቀለሙ ሲስማሙ፣ ሬቲናቸው ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል። ሩርዳና ባልደረቦቹ በ2002 ዘዴውን ከሌዘር ቅኝት ጋር አዋሐዱት፤ በዚህም ተንቀሳቃሽ ምስል ማንሣት ተቻለ።

ምስሉ ሲነሣ ያለውን ድካም ያየ ሰው ግን ለውጤቱ ሌላ አክብሮት ይኖረዋል። ተመርማሪው ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግለታል። ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ በራሱ ጥርስ ቅርጽ የተሠራ መያዣ እንዲነክስ ይደረጋል። እኔም የመጀመሪያውን ምስል የተነሣሁት እንዲሁ ነክሼ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንጋጋዬ ዝሎ፣ ፊቴ ያለችውን መስቀለኛ ምልክት ማየት ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ምስል የሚሸፍነው ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ የሚሆን ቦታ ነው፤ በሬቲና ላይ ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሰፋ ያለ ቦታ ለማየት ብዙ ምስሎች እንደ ጥልፍ መገጣጠም አለባቸው። ዓይን ደግሞ አንድ ነገር ላይ አተኩራ ሳለች እንኳ አታርፍም፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንሸራተታለች፣ በድንገት ትዘላለች። የምናየው ንጹሕ ምስል ብዙ ቅጽበቶች ተስተካክለውና ተደምረው የተገኘ ነው። እንግዲህ ምስሉ ከመነሣቱ እስከ መቆጠሩ ድረስ ብዙ የሰውና የማሽን ውሳኔ ገብቶበታል።

ጥቁሩ ቦታ

አሁን ወደዚያ ሰው ልመለስ። የሚያይበት ቦታ እንዴት በምስሉ ላይ ጨለማ ሆነ?

መልሱ ያለው እነዚያ ነጭ ነጥቦች በትክክል ምን እንደሆኑ በመረዳት ላይ ነው። ነጥቧ የሕዋሱ ምስል አይደለችም። ኮን ሕዋስ ብርሃንን በውስጡ አሳልፎ እንደሚመራ ቀጭን ቱቦ ነው። የገባው ብርሃን የተወሰነው ክፍል ከሕዋሱ የውስጥና የውጭ ክፍል መጋጠሚያ፣ እንዲሁም ከውጭኛው ክፍል ጫፍ ይንጸባረቃል፤ በዚያው ቱቦ ተመልሶም ወደ ካሜራው ይመጣል። ያች ነጥብ እንግዲህ የተመለሰ ብርሃን ናት። ሕዋሱ ቢታመም፣ የውጭኛው ክፍሉ ቢያጥር ወይም ቢዛባ፣ አቅጣጫውም ቢያዘነብል፣ ብርሃኑ አይመለስም። በር ተዘግቶ መብራት ባይታይ ቤቱ ሰው የለበትም ማለት አይደለም።

በ2014 አልፍሬዶ ዱብራና ባልደረቦቹ በቀጥታ የተመለሰውን ብርሃን ትተው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተበተነውን ለይቶ የሚያወዳድር ዘዴ በመጠቀም የኮኖችን የውስጥ ክፍል በሕያው ዓይን ማየት እንደሚቻል አሳዩ። በተለመደው ዘዴ ጨለማ በሆኑ ቦታዎች ላይ፣ በአዲሱ ዘዴ እብጥ እብጥ ያሉ ሕዋሳት ታዩ። በተለይ አክሮማቶፕሲያ በሚባለው፣ ከውልደት ጀምሮ ቀለም መለየት በሚያሳጣው ሕመም፣ ኮኖቹ አይሠሩም እንጂ ብዙዎቹ በቦታቸው እንዳሉ ታወቀ። ይህ ለጂን ሕክምና ተስፋ ወሳኝ ነው፤ የማይሠራን ሕዋስ ማሠራት ሊሞከር ይችላል፤ የሌለን ሕዋስ ግን ጂን በመስጠት ማሠራት አይቻልም።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ነጭ ነጥብ ያየንበት ሁሉ ኮን አለ ማለት አይደለም። ብርሃን የሚመልሱ ሌሎች ነገሮች አሉና። ፍርስራሽም ያበራል። ከፎቪያ ራቅ ሲባል ሮዶች ኮኖቹን ስለሚከቧቸው ያልሠለጠነ ዓይን አንዱን ከሌላው ያምታታል። «አለ» የሚለው ቃል እንደ «የለም» ሁሉ ማስረጃ ይፈልጋል።

ለዚህ ነው አንድ ምስል ብቻውን ሊፈርድ የማይገባው። ኦሲቲ ድርቡን ይናገራል፤ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ የብርሃኑን ነጸብራቅ ይናገራል፤ የተበተነው ብርሃን የሕዋሱን ገላ ይናገራል፤ የእይታ ፈተናው ደግሞ ሰውየው ምን እንደሚያይ ይናገራል። አራቱ ሲስማሙ ልብ ያርፋል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ ምርምር ይጀመራል። አበው «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ፤ በእኛ ሙያ ከኮምፒዩተሩ ፊት ለተቀመጠው ሰው የተነገረ ይመስለኛል።

ምስል ፍርድ ሲሰጥ

ከእናንተ መካከል፣ ይህ የተመራማሪዎች የቃላት ክርክር ነው፣ ለሕመምተኛው ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖራል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ጥያቄ ትክክል ሊሆን ይችል ነበር። መድኃኒት ለሌለው ሕመም ሕዋስ ኖረ አልኖረ ምን ለውጥ ያመጣል? አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል።

በታኅሣሥ 2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሉክስተርና የተባለውን የጂን ሕክምና ፈቀደ። ሕክምናው አርፒኢ65 በተባለው ጂን ጉድለት ምክንያት እይታቸውን ለሚያጡ ሰዎች ነው። ፈቃዱ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በሐኪሙ ምዘና መሠረት ሕመምተኛው በሬቲናው ውስጥ በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ሊኖሩት ይገባል። እንግዲህ «አለ» ወይም «የለም» የሚለው ቃል ወደ ሕክምናው የሚያስገባ ወይም ከበር የሚመልስ ቃል ሆነ ማለት ነው።

የመጨረሻውን ደረጃ ሙከራ የነደፉት ተመራማሪዎች ይህን እንዴት እንደ ያዙት ማየት ትምህርት ነው። በኦሲቲ የታየ ከ100 ማይክሮሜትር በላይ የሆነ የሬቲና ውፍረት አንዱ መመዘኛ ነበር። ብቸኛው መመዘኛ ግን አልነበረም፤ የቀረ የእይታ ስፋት ያለው ሰውም በዚያ በኩል ይህን መመዘኛ ሊያሟላ ይችል ነበር። ምስሉ ቢነፍገው ማየቱ ያስገባዋል። ለሕመምተኛው ሁለተኛ በር ተትቶለታል።

ምስል ሌላም ሥልጣን አግኝቷል፤ መድኃኒት ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውን መመዘን ነው። ቀስ ብለው በሚጎዱ የሬቲና ሕመሞች በፊደል ሠሌዳ የሚለካ ለውጥ እስኪመጣ ብዙ ዓመት ይወስዳል። በመጋቢት 2025 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ ማኩላን ለሚጎዳውና ዓይነት 2 የማኩላ ቴላንጂኤክቴዥያ ለሚባለው ሕመም የሚሰጠው በዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ሕክምና፣ በዋናነት የተመዘነው ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት የጠፉበት ቦታ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰፋ በኦሲቲ በመለካት ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሕመምተኞች ብዙ ዓመት ሳይጠብቁ መልስ ያገኛሉ። ነገር ግን በምስል ላይ የተገታ ጉዳትና በሕመምተኛው ኑሮ ላይ የሚሰማ ለውጥ ሁልጊዜ እኩል እንደማይራመዱ መዘንጋት የለበትም። መለኪያው በረቀቀ ቁጥር፣ ምን እየለካን እንደሆነ የመጠየቅ ግዴታችንም ይጨምራል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ ልጨምር። ክሪስቲን ከርሲዮና ባልደረቦቿ በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ጤናማ በሆኑ ዓይኖች ፎቪያ መካከል የሚገኙ ኮኖች ብዛት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ከ100,000 እስከ 324,000 ይለያያል። አማካዩ 199,000 ነው። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ብዙ ኮን ይዞ የተወለደ ሰው ግማሹን አጥቶ እንኳ ቁጥሩ «ጤናማ» ከሚባለው ወሰን ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድን ሰው ከሌላው ጋር ከማወዳደር ይልቅ፣ ያንኑ ሰው ከዓመት ወደ ዓመት ከራሱ ጋር ማወዳደር የበለጠ እውነት ይናገራል።

ይህ እኛን በምን ይመለከተናል?

እውነቱን እንነጋገር። አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ዛሬ የአገራችን የዓይን ሕክምና የመጀመሪያ ፍላጎት አይደለም። በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ማየት የተሳነው ነበር። ከመንስኤዎቹ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይድናል። 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ነበር፤ እርሱን መከላከል ይቻላል። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው ቀዶ ሐኪም፣ ንጹሕ ውኃና መድኃኒት እንጂ ኮን የሚቆጥር መሣሪያ አይደለም። ይህን ሳልናገር ስለ ረቂቅ ምስል ብቻ ባወራ አድማጮቼን እበድል ነበር።

ይሁንና ግላኮማና የስኳር ሕመም የሚያመጣው የሬቲና ጉዳት የእኛም ሕመሞች ናቸው፤ ኦሲቲም ለእኛ ሐኪሞች እንግዳ መሣሪያ አይደለም። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ደግሞ ቀለም ነው፤ አረንጓዴ ጤነኛ፣ ቢጫ አጠራጣሪ፣ ቀይ ከወሰን ውጭ። ቀለሙን የሚሰጠው ማሽኑ የሕመምተኛውን ልኬት በማኅደሩ ውስጥ ካሉ ጤናማ ሰዎች ልኬት ጋር አወዳድሮ ነው። ዓይኑ ረዘም ያለ፣ ማለትም የሩቅ እይታ ችግር ያለበት ሰው፣ የነርቭ ክሩ ድርብ ስስ ሆኖ ስለሚለካ ግላኮማ ሳይኖርበት ቀይ ሊወጣለት ይችላል። በሙያው ውስጥ ይህ «ቀይ በሽታ» እየተባለ ይቀለድበታል። ሕመሙ ያለው በወረቀቱ ላይ እንጂ በሰውየው ዓይን ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ቀዩን ቀለም ያየ ሐኪም ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ይህ ሰው የተወዳደረው ከእነማን ጋር ነው የሚለው ነው። የራሳችንን ሕዝብ ጤናማ ዓይን በጥንቃቄ መለካት ሩቅ አገር የማያስኬድ፣ እዚሁ ሊሠራ የሚችል፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ሊሆን የሚበቃ ምርምር ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሬቲና ምስልን በራሳቸው የሚያነቡ ፕሮግራሞች እየተስፋፉ ነው። የሚማሩት ግን ከእኛ ጽሑፍ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ቅጾች ላይ «አልታየም» መባል ሲገባው «የለም» ከተጻፈ፣ ማሽኑ ያንኑ ስሕተት በታላቅ ፍጥነትና ያለ ምንም ጥርጣሬ ይደግመዋል።

ማጠቃለያ

ያን ቀን ማምሻውን ቅጹን አውጥቼ የጻፍሁትን ሰረዝሁ። በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከጎኑ ቀኑንና ፊርማዬን አኑሬ፣ «በዚህ ዘዴ አልታየም፤ ለብርሃን ምላሽ አለው» ብዬ ጻፍሁ። የተሰረዘው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል፤ እንዲነበብም ነው የተውሁት። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከዚያ በፊት የሞላኋቸውን ቅጾች እንደገና ተመለከትሁ። «የለም» ያልሁባቸው ቦታዎች ብዙ ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ በብርሃን የተፈተኑት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሰዎች ሁሉ መልሶ መጥራት አልተቻለም።

ሰውየውን የተሰናበትሁት በበሩ ላይ ነው። በዚያ ቦታ ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ። እኔ ምንም እንዳላየሁ፣ እርሱ ግን እንዳየ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ እንግዲያውስ ገና አልመሸም ማለት ነው አለኝ። ተስፋ እንዳልሰጠው ፈራሁ፤ ተስፋ እንዳልነፍገውም ፈራሁ። ያገኘሁት ትክክለኛ መልስ፣ እስካሁን የምናውቀው ይህን ያህል ነው የሚል ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የመሣሪያዎቹን ስምና ዓመታቱን ብትረሱ ቅር አይለኝም፤ መጽሐፍ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እወድዳለሁ። ምስል አይታችሁ ለመጻፍ ብዕር ስታነሡ፣ ያያችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትንም «አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ። «የለም» የሚለውን ቃል ግን በሌላ መንገድ ሳትፈትኑ አትጻፉት።